ባለ 14 ኮር ዚዮን ወይስ ባለ 6 ኮር አይ5? ለቪዲዮ፣ ለባነርና ለሲቪል 3ዲ ሥራ

ጥያቄው እንዲህ ነው። ጠያቂው ደብረ ብርሃን ላይ የሰርግ ቪዲዮ ያቀናብራሉ፣ ባነር ይሠራሉ፣ በትርፍ ሰዓታቸው ደግሞ በሲቪል 3ዲ የመንገድ ዲዛይን፣ በኢታብስ የሕንፃ ስሌት ይሠራሉ። በተቀራራቢ ዋጋ ሁለት ማሽን ቀርቦላቸዋል። አንደኛው ያገለገለ ኤችፒ ዜድ440 ዎርክስቴሽን ነው፤ ፕሮሰሰሩ ዚዮን ኢ5-2680 ቪ4፣ ራሙ 32 ጊጋባይት፣ ካርዱ ኳድሮ ኬ2200። ሁለተኛው ተገጣጥሞ የሚሸጥ ዴስክቶፕ ነው፤ ኮር አይ5-12400፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ የለውም። «ዚዮኑ 14 ኮር፣ ያኛው 6 ብቻ። ዎርክስቴሽን የተባለው አይበልጥም ወይ? መብራትም ይቆራረጥብኛል» ይላሉ።

ጤና ይስጥልኝ። ለዘረዘሯቸው ሥራዎች ባለ 6 ኮሩን አይ5 ይውሰዱ፤ ነገር ግን ራሙን ወደ 32 ያሳድጉት፣ የፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ላይ «ኤፍ» የሚል ፊደል እንደሌለም ያረጋግጡ። ዚዮኑ መጥፎ ዕቃ ሆኖ አይደለም። የተሠራለት ሥራ ከእርስዎ ሥራ ስለሚለይ ነው።

መጀመሪያ ቃላችንን እናስተካክል። ፕሮሰሰር ስሌቱን የሚሠራው ቺፕ ነው፤ ኮር በውስጡ ያለ አንድ ሠራተኛ፣ ትሬድ ደግሞ ኮሩ በአንድ ጊዜ የሚይዘው የሥራ መስመር ነው። እኛ ዘንድ «ሲፒዩ» ሲባል ብዙ ጊዜ ሣጥኑን በሙሉ ማለት ነው። ስለዚህ ሻጭ «ዎርክስቴሽን ሲፒዩ ነው» ሲልዎ ስለ ሣጥኑ ይሁን ስለ ፕሮሰሰሩ አይታወቅም። ሣጥኑ ዎርክስቴሽን ተብሎ ውስጡ ተራ ኮር አይ5 የተቀመጠበት ሞዴል ሞልቷል። «ዚዮን» የሚለው ስምም ብቻውን ስለ ፍጥነት ምንም አይናገርም፤ ቁጥሩን ማንበብ ያስፈልጋል። ኢ5-2680 ቪ4 ላይ የመጀመሪያዋ 2 ፕሮሰሰሩ ሁለት ሶኬት ባለው ማዘርቦርድ ላይ ከመሰሉ ጋር ተጣምሮ መሥራት እንደሚችል ታመለክታለች። እንደ ኢ5-1650 በ1 የሚጀምሩት ለብቻቸው ብቻ ነው የሚሠሩት። «ቪ» ትውልዱን ይነግራል፤ የመጀመሪያው ትውልድ (ቪ ያልተጻፈበት) በ2012፣ ቪ2 በ2013፣ ቪ3 በ2014፣ ቪ4 በ2016 የወጡ ናቸው፣ ዓመቶቹ በፈረንጆቹ። የመጀመሪያውና ቪ2 ኤቪኤክስ2 የተባለው የትእዛዝ ስብስብ የላቸውም፤ አዳዲሶቹ የፕሪሚየር (የቪዲዮ ማቀናበሪያው ፕሮግራም) ስሪቶች ይህን ስለሚጠይቁ ለቪዲዮ ሥራ በነፃ እንኳ ቢሰጡዎ አይጠቅሙዎትም። ኢ3 የሚባሉት ደግሞ ስማቸው ዚዮን ይሁን እንጂ የኮር አይ7 የሥጋ ወንድሞች ናቸው። ኢ3-1231 ቪ3 እና አይ7-4770 የአንድ ትውልድ ልጆች ሲሆኑ ሁለቱም 4 ኮርና 8 ትሬድ አላቸው፤ መነሻ ፍጥነታቸውም ያው 3.4 ጊጋኸርዝ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ። ዚዮን ኢ5-2680 ቪ4፦ 14 ኮር፣ 28 ትሬድ፣ መነሻ 2.4 ከፍተኛው 3.3 ጊጋኸርዝ፣ 35 ሜጋባይት ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ማኅደር)፣ 120 ዋት፣ ባለ አራት ቻነል (ወደ ራሙ የሚወስድ መንገድ) ዲዲአር4-2400 ራም፣ 40 የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር (ግራፊክስ ካርድና ፈጣን ዲስክ የሚገናኙበት)። ኮር አይ5-12400፦ 6 ኮር፣ 12 ትሬድ፣ መነሻ 2.5 ከፍተኛው 4.4 ጊጋኸርዝ፣ 18 ሜጋባይት ካሽ፣ መደበኛው 65 ዋት ሆኖ ሲጨናነቅ እስከ 117፣ ባለ ሁለት ቻነል ራም፣ 20 መስመር፣ ከዚህ ሌላ ውስጡ ግራፊክስ አለው።

ወረቀት ላይ ዚዮኑ ያሸነፈ ይመስላል። ነገር ግን አይ5ቱ የወጣው በ2022 መጀመሪያ ነው፤ በመካከላቸው የስድስት ዓመት ልዩነት አለ። አዲሱ ኮር በሰከንድ ብዙ ጊዜ መዞሩ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ዙር የሚጨርሰው ሥራም ይበልጣል። ሁለቱ ሲደመሩ የአይ5ቱ አንድ ኮር ከዚዮኑ አንድ ኮር ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይፈጥናል። 14ቱም ኮሮች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ዚዮኑ ከ3.3 ወደ 2.9 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይወርዳል፣ አይ5ቱ ግን ስድስቱንም ወደ 4.0 ይዞ ይዘልቃል። ስለዚህ ሁሉን ኮር የሚጠቀም ሥራ ላይ እንኳ 14ቱ አሮጌ ኮሮችና 6ቱ አዲስ ኮሮች ተቀራርበው ነው የሚገቡት። ዚዮኑ «እጥፍ ኮር» የሚባልለት ጥቅም እዚሁ ላይ አለቀ፤ አንድ ኮር ብቻ በሚፈልገው ሥራ ላይ ደግሞ በግልጽ ይሸነፋል።

ሥራ ሁሉ ለምን ለብዙ ኮር እንደማይከፋፈል ለመረዳት የመንዝን ባና ያስቡ። ጠጉሩን ማበጠርና መፍተል ለአሥር እጅ ይከፋፈላል፣ አሥር ሰው ከተገኘ በአሥረኛው ጊዜ ያልቃል። ሸማኔው ተቀምጦ መወርወሪያውን ማመላለስ ሲጀምር ግን ዙሪያውን አሥር ሰው ቢቆም ጨርቁ አይፈጥንም፤ እያንዳንዱ ክር የቀደመውን ይጠብቃል። ፕሮግራሞችም እንዲሁ ናቸው። በቁጥር እንየው፦ የአንድ ሥራ ግማሹ ብቻ የሚከፋፈል ቢሆን 6 ኮር ሥራውን 1.71 እጥፍ ያፈጥነዋል፣ 14 ኮር ደግሞ 1.87 እጥፍ። ስምንት ኮር ተጨምሮ የተገኘው ትርፍ 9 በመቶ ብቻ ነው፣ ያውም ኮሮቹ እኩል ፈጣን ከሆኑ።

የራስዎ ሥራ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አሁን ባለዎት ኮምፒውተር ላይ ማየት ይችላሉ። ታስክ ማናጀርን ይክፈቱና የፐርፎርማንስ ገጹ ላይ የሲፒዩውን ግራፍ በቀኝ ጠቅ አድርገው እያንዳንዱ ትሬድ ለየብቻው እንዲታይ ይቀይሩት። ከዚያ የሚያስጠብቅዎትን ሥራ ያስጀምሩ። ጠቅላላውን መቶኛ ብቻ ማየት ያሳስታል። 12 ትሬድ ባለው ማሽን አንድ ትሬድ ሙሉ በሙሉ ቢሠራ ጠቅላላው የሚያሳየው 8 በመቶ ገደማ ነው፤ 28 ትሬድ ባለው ደግሞ 4 በመቶ አይሞላም። ሰው «ኮምፒውተሩ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል፣ ታዲያ ለምን ይዘገያል?» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ዊንዶውስ አንዱን ሥራ ከኮር ወደ ኮር ስለሚያዘዋውረው አንድ ሣጥን ብቻ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ ላያዩ ይችላሉ፤ ድምሩ ከላይ ባልኩት ቁጥር አካባቢ ከረጋ ግን ያው አንድ ኮር ነው የሚጠበቀው።

ከሥራዎችዎ ሲቪል 3ዲ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የአንድ ኮር ሥራ ነው። ሰርፌስ (የመሬቱ ገጽ ሞዴል) ሲታደስ፣ ኮሪደር (የመንገዱ ሞዴል) ሪቢልድ ሲደረግ፣ ስዕሉ ሲታጠፍና ሲዘረጋ የሚደክመው አንዱ ኮር ነው። ጣርማ በርን የመሰለ ገደላማ መሬት ላይ የተለካ፣ ነጥቡ የበዛ ሰርፌስ ከሆነ ልዩነቱ በደንብ ይሰማዎታል። እዚህ ላይ ዚዮኑን መምረጥ ገንዘብ ከፍሎ መዘግየት ነው። ኢታብስ ስሌቱን ለብዙ ኮር ማከፋፈል ይችላል፤ ሆኖም ጂ ፕላስ 4 የሆነ ተራ ሕንፃ በሁለቱም ላይ ቶሎ ስለሚያልቅ ለዚያ ብሎ ማሽን መምረጥ አያስፈልግም።

ቪዲዮው ላይ ነገሩ ይሰፋል፣ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው። ካሜራ፣ ስልክና ድሮን የሚቀርጹት ኤች.264 ወይም ኤች.265 እያንዳንዱን ምስል ሙሉ አድርጎ አያስቀምጥም፤ አንድ ሙሉ ምስል ካስቀመጠ በኋላ ቀጥለው ለሚመጡት ልዩነቱን ብቻ ይጽፋል። ታይምላይኑ ላይ ጣትዎን ባንቀሳቀሱ ቁጥር ኮምፒውተሩ ወደ ሙሉው ምስል ተመልሶ በመካከል ያለውን ሁሉ መፍታት አለበት። ይህን ፕሮሰሰሩ በጉልበቱ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ክፍል ካለ ሥራው በጣም ይቀላል። የአይ5ቱ ግራፊክስ ውስጥ ያለው ክዊክ ሲንክ የተባለው ክፍል ይህ ነው። 10 ቢት 4፡2፡2 የሆነውን (ቀለሙን በበለጠ ዝርዝር የሚይዘውን) ኤች.265 ሳይቀር ይፈታል፤ አዳዲሶቹ የሶኒና የካኖን ካሜራዎች የሚያወጡት ፋይል ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ዚዮን ኢ5 ግን ግራፊክስ ስለሌለው ይህ ክፍልም የለውም። አብሮት የመጣው ኳድሮ ኬ2200 ኤች.264ን ያግዛል፤ ኤች.265 ሲመጣ እጁን ይሰበስባል። በዚህ ምክንያት በስልክ ወይም በድሮን የተቀረጸ 4ኬ ሲያስገቡ ሸክሙ በሙሉ 14ቱ ዘገምተኛ ኮሮች ላይ ይወድቃል፣ ሦስት ካሜራ አጠገብ ለአጠገብ ሲያደርጉ ምስሉ ይንተባተባል።

«ኤፍ» ያልኩት ለዚህ ነው። አይ5-12400ኤፍ ከአይ5-12400 ጋር በኮርም በፍጥነትም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ግራፊክሱ የተዘጋ መሆኑ ነው። ግራፊክሱ ሲዘጋ ክዊክ ሲንክም አብሮ ይሄዳል። በዋጋ ትንሽ ስለሚቀንስ ሻጮች ይወዱታል፣ ለጨዋታ ተጫዋች ምንም አይጎድልበትም፤ እርስዎ ግን ማሽኑን የሚገዙበትን ዋና ምክንያት ያጣሉ። በኋላ ላይ ግራፊክስ ካርድ ቢጨምሩ ደግሞ ብዙ ማዘርቦርድ የውስጡን ግራፊክስ በራሱ ያጠፋዋል። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ገብተው ሁለቱም አብረው እንዲሠሩ የሚፈቅደውን የመልቲ ሞኒተር አማራጭ ያብሩት፤ ፕሪሚየር ውስጥም በሚዲያ ቅንብሩ የሃርድዌር ዲኮዲንግ ላይ ኢንቴል የሚለው ምልክት እንደተደረገበት ይዩ። የኤኤምዲ ራይዘን ቢቀርብልዎ በኮር ፍጥነቱ አይታማም፤ የ5000 ተከታታዩ ግን 4፡2፡2ን በሃርድዌር አይፈታም።

ባነር ላይ ጥያቄው የራም ነው። 3 በ5 ሜትር የሆነ ባነር በ100 ዲፒአይ ቢከፍቱ 11,811 በ19,685 ፒክስል ይሆናል፤ በሲኤምዋይኬ አንዱ ሌየር ብቻ 930 ሜጋባይት ገደማ ነው። አምስት ስድስት ሌየርና የወደ ኋላ መመለሻ ታሪክ ሲጨመርበት 16 ጊጋባይት ይጨናነቃል፣ ፎቶሾፕም ወደ ዲስክ መጻፍ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የፕሮሰሰሩ ዓይነት ትርጉም የለውም። ለዚህ ነው 32 ይሁን ያልኩት። ራሙንም እንደ አንድ 32 ሳይሆን እንደ ሁለት 16 ይግዙት። ባለ ሁለት ቻነል ዲዲአር4-3200 በሰከንድ 51.2 ጊጋባይት ያስተላልፋል፣ አንድ ዘንግ ብቻ ሲሰካ ግማሹን 25.6 ነው። የውስጡ ግራፊክስም ከዚሁ ራም ስለሚበላ ጉዳቱ ሁለት ጊዜ ነው። ከሰኩ በኋላ ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራው ቅንብር) ካልበራ ራሙ ከተጻፈበት ፍጥነት በታች ሊሠራ እንደሚችል አይርሱ።

እንግዲህ ዚዮኑ ለማን ነው? ብዙ ራም ለሚፈልግ ሰው ነው። ዜድ440 ስምንት የራም ማስገቢያ አለው፤ 128 ጊጋባይት መሙላት ብርቅ አይደለም፣ ያገለገለ ሬጅስተርድ (ለሰርቨርና ለዎርክስቴሽን የተሠራ) ራምም ብዙ ጊዜ በርካሽ ይገኛል። በድሮን የተነሱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎችን አገጣጥሞ ካርታ የሚሠራ፣ አንድ ማሽን ላይ አምስት ስድስት ቨርቹዋል ማሽን ከፍቶ የሚያስተምር፣ ወይም ሁለት ግራፊክስ ካርድና ብዙ ፈጣን ዲስክ በአንድ ላይ የሚሰካ ሰው አራቱን ቻነልና 40ውን መስመር በደንብ ይጠቀምባቸዋል። አንድ ካርድና አንድ ኤስኤስዲ ላለው ሰው ግን ትርፉ መስመር ባዶ አስፋልት ነው።

ሌላው የዚዮን ጥቅም ኢሲሲ የተባለው ስህተት አራሚ ራም ነው። ተራ ራም በ64 ቢት ይጓዛል፣ ኢሲሲው በ72፤ በትርፎቹ 8 ቢቶች አማካይነት አንድ ቢት ቢገለበጥ ያርመዋል፣ ሁለት ቢገለበጡ ያውቀዋል። ቢት ከሚገለብጡት ነገሮች አንዱ ከጠፈር የሚመጣ ጨረር ሲሆን እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ላይ ከባሕር ጠለል ይልቅ ይበዛል፤ ለምድር ወገብ ቅርብ መሆናችን ደግሞ በመሬት መግነጢስ ምክንያት ጥቂት ይከልለናል። ይህ ለባንክ ዳታቤዝ ወይም ለሳምንት ለሚዘልቅ ስሌት ቁም ነገር ነው። ለሰርግ ቪዲዮ አንድ ቢት ቢገለበጥ ከሙሽራዋ ቀሚስ ላይ አንዲት ነጥብ ቀለሟ ብትለወጥ ነው። ዲዲአር5 ራም ሁሉ ኢሲሲ አለው የሚባለውም ሙሉ እውነት አይደለም፤ እሱ በቺፑ ውስጥ ያለውን ብቻ ያርማል፣ በመንገድ ላይ ለሚበላሸው አይሆንም።

የዊንዶውስ ጉዳይም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025) አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ ከኢንቴል ኮር በኩል በይፋ የሚቀበለውም ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። ኢ5 ቪ4 ከዝርዝሩ ውጭ ነው። በማታለያ መጫን ይቻላል፣ ብዙ ሰውም ያደርገዋል፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ዝማኔ ሲመጣ አልጭንም ሊል ይችላል። አይ5-12400 ይህ ችግር የለበትም።

ወደ መብራቱ። መብራት ሲሄድ ከሚደርሰው ይልቅ ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ዝቅ የሚል ቮልቴጅ ነው ብዙ ፓወር ሰፕላይ የሚያቃጥለው። ሁለቱም ማሽን ላይ ባዮስ ውስጥ ገብተው መብራት ከጠፋ በኋላ ሲመለስ «ጠፍቶ ይቆይ» የሚለውን ይምረጡ፤ በራሱ የሚነሳ ከሆነ የመጀመሪያውን ምት የሚቀበለው እሱ ነው። መብራት እንደተመለሰ ሦስት አራት ደቂቃ ጠብቀው ያብሩት። ሶኬቱ ኧርዝ ከሌለው ሣጥኑን ሲነኩ ይነዝርዎታል፣ ስታቢላይዘርም ይህን አያስተካክልም፤ ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ያስዘርጉ።

650 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ የሚሸከመው ብዙ ጊዜ 360 ዋት አካባቢ ነው፤ ውስጡ ያለው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በስሌት 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል፣ በፍጥነት ሲመጠጥ ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው የሚሰጠው። ዚዮኑ ካርዱንና ሞኒተሩን ጨምሮ ሬንደር ላይ 250 ዋት ቢጎትት ባትሪው አዲስ ሆኖ እንኳ 10 ደቂቃ አይሞላም። አይ5ቱ ያለ ካርድ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ስለሚጎትት ፋይሉን አስቀምጠው፣ ሬንደሩን አቁመው በእርጋታ ለማጥፋት ይበቃዎታል። የመብራት ሂሳቡን በተመለከተ፣ ልዩነቱ 100 ዋት ቢሆን በቀን 8 ሰዓት በወር 26 ቀን 20.8 ኪሎዋት-ሰዓት ነው፤ የሚያስለቅስ አይደለም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ የፓወር ሰፕላዩ ቅርጽ ነው። የዜድ440 ፓወር ሰፕላይም ሆነ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ገመድ የራሱ የኤችፒ ሥሪት ነው። ከተቃጠለ ከሱቅ ተራ ኤቲኤክስ ገዝተው አይተኩትም፤ አዲስ አበባ ወርደው አንድ ሌላ ዜድ440 የፈታ ሰው መፈለግ ነው። ተገጣጥሞ የተሠራው ዴስክቶፕ ግን ማንኛውንም ደህና ኤቲኤክስ ይቀበላል። ይህ ጥቅም የተገጣጠመ ለሆነው ብቻ ነው፤ የዴል ኦፕቲፕሌክስም ሆነ የኤችፒ ኤሊትዴስክ ከገዙ የቢሮ ዴስክቶፕ ቢሆኑም እነሱም የራሳቸው ገመድ አላቸው።

ከፍታውም ይታሰብ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ኤችፒ ለዜድ440 የሚያስቀምጠው የክፍል ሙቀት ጣሪያ 35 ዲግሪ ሲሆን፣ ከ1,524 ሜትር በላይ በየ305 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። ለደብረ ብርሃን ሲሰላ 4.3 ዲግሪ ይቀነስና ጣሪያው 30.7 ይሆናል። ብርዱ ስላለ ክፍሉ እዚያ አይደርስም፤ ሣጥኑን ግድግዳ አስጠግተው ወይም ጠረጴዛ ሥር ዘግተው ካላስቀመጡት በቀር። ሸዋ ሮቢት ቢሆኑ አየሩ ወፍራም ቢሆንም ክፍሉ ራሱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፣ አቧራውም አለ፤ እዚያ በየሁለት ወሩ መንፋት ግድ ነው። ወደ መሐል ሜዳ ለሚወስድ ሰው ደግሞ ጥንቃቄው የዲስክ ነው። የሃርድ ዲስክ ጭንቅላት በቀጭን የአየር ትራስ ላይ ስለሚንሳፈፍ ብዙዎቹ እስከ 3,048 ሜትር ብቻ ነው ዋስትና ያላቸው፤ መንዝ ላይ ኤስኤስዲ ይመረጣል።

ለማሽኑ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ሰዓት ይውሰዱና ይፈትሹት። ሲፒዩ-ዚ የተባለውን ፕሮግራም ከፍተው የፕሮሰሰሩን ስም ያንብቡ፤ ከስሙ ጎን «ኢኤስ» የሚል ካለ የሙከራ ናሙና ነው፣ አይግዙት። የሜሞሪው ገጽ ላይ ቻነሉን ይዩ፦ ዚዮኑ አራት፣ አይ5ቱ ሁለት ማለት አለበት። ዚዮኑ ላይ 32ቱ ጊጋ በአንድ ዘንግ ከመጣ ፍጥነቱ ከ76.8 ወደ 19.2 ጊጋባይት በሰከንድ ይወርዳል፤ አራት ባለ 8 ይጠይቁ። የራሙ ወረቀት ላይ ከቁጥሩ መጨረሻ የእንግሊዝኛው «አር» ካለ ሬጅስተርድ ነው፣ «ዩ» ካለ የተራ ኮምፒውተር ነው። ሁለቱ አብረው አይሠሩም፣ ሬጅስተርዱ አይ5ቱ ላይ ቢሰካም ማሽኑ አይነሳም፤ ስለዚህ «ራሙን ከዚያኛው አውጥቼ እሰጥዎታለሁ» የሚል ቃል አይቀበሉ።

ቀጥለው ሲንቤንች አር23 በተባለው የፕሮሰሰር መፈተኛ የ10 ደቂቃውን ሙከራ ያስኪዱና ጎን ለጎን ኤችደብሊውኢንፎ በተባለው ፕሮግራም ላይ ሙቀቱን ይከታተሉ። ዚዮኑ ከ2.4 ጊጋኸርዝ በታች ወርዶ ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ በላይ ከወጣ ቴርማል ፔስቱ ደርቋል ማለት ነው፤ ይህ የዋጋ መከራከሪያ እንጂ የሚያስጥል ምክንያት አይደለም። ሲቀየር አሮጌው በአልኮል ተጠርጎ ይወገድ፣ አዲሱ ለአይ5 የአተር ፍሬ ያህል፣ ለዚዮኑ ሰፊ ፊት ትንሽ ጨመር ተደርጎ መሐሉ ላይ ይደረግ። አራቱ ብሎኖች በመስቀለኛ ተራ፣ በየጥቂቱ ይጥበቁ፤ አንዱን ጥግ ጨርሰው ካጠበቁ ሂትሲንኩ (ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘው ብረት) ያዘነብልና አንደኛው ወገን ይግላል። ፕሮሰሰሩ ከሶኬቱ የሚነሳ ከሆነ የሶኬቱን ፒኖች በስልክ መብራት ዘንበል አድርገው ይዩ፤ አንዲት የታጠፈች ፒን ብዙ ጊዜ አንድ የራም ቻነል ታጠፋለች።

ለዚዮኑ አንድ ተጨማሪ ፍተሻ አለ። የዊንዶውሱን ኢቨንት ቪውወር ከፍተው በሲስተም ሥር «WHEA-Logger» ከሚለው ምንጭ ቁጥር 47 የሆነ መልእክት ይፈልጉ፤ ይህ ኢሲሲው ያረመው የራም ስህተት ነው። አንድ ሁለት ቢገኝ ምንም አይደል፤ በየቀኑ የሚደጋገም ከሆነ አንዱ ዘንግ እየሞተ ነው። ዊንዶውሱ አዲስ ተጭኖ ከሆነ ታሪኩ ስለሚጠፋ ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተኛ አንድ ሙሉ ዙር ያስኪዱ። ሰዓታት ይፈጃል፣ ማሽኑን እያዩት መቀመጥ አይጠበቅብዎትም።

ዚዮኑን አስቀድመው ገዝተውት ከሆነ አይሽጡት። ኳድሮውን አውጥተው ጂቲኤክስ 1650 ያስገቡበት፤ ብዙዎቹ ሞዴሎች 75 ዋት ብቻ ስለሚጎትቱ ተጨማሪ ገመድ ሳይፈልጉ ይሠራሉ፣ 4፡2፡0 የሆነውን ኤች.265 ይፈታሉ። 4፡2፡2 ለሚቀርጽ ካሜራ ግን ፕሮክሲ (ለቅንብር ብቻ የሚያገለግል ቀለል ያለ ቅጂ) መሥራት ይኖርብዎታል፦ ፋይሉን እንዳስገቡ ፕሪሚየር በሩብ መጠን ዲኤንኤክስኤችአር ኤልቢ ወይም ፕሮሬዝ ፕሮክሲ እንዲያወጣ ያዙት፣ ሌሊቱን ይሥራ፣ ጠዋት ቅንብሩን በፕሮክሲው ይሠሩና ሲያወጡ ወደ ዋናው ይመልሱት። የዲስክ ቦታ ይበላል፤ ለአንድ ሰርግ መቶ ጊጋባይት ክፍት ያድርጉ።

ዕቃው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ በ130 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ላይ ግራፊክስ ካርዱ ተነቅሎ ለብቻው ይታሸግ፤ ሣጥኑ ማዘርቦርዱ ወደ ላይ ሆኖ ይተኛ፣ የሂትሲንኩ ክብደት ቦርዱን እንዳይጎትተው። የመኪና ጣሪያ ላይ በሌሊት ተጭኖ ከመጣ ብረቱ በርዶ ይገባል፤ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ሲገባ እንደ ብርጭቆ ላብ ያወጣል። ሳይከፍቱት፣ ሳይሰኩት ሦስት ሰዓት ያህል ይተዉት።